ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችው ወለተ ማርያም

በእኛ ጊዜ ማይክሮፎን እንደ አሁኑ በየሱቁ ደጃፍ ተገትሮ «ጫማ በቅናሽ፣ ጫማ በቅናሽ» አይልም ነበር። መካኒሳ ውስጥ አንድ ማይክሮፎን ነበረ፣ እሱም የአቦ ነው፣ እሱም የሚናገረው በዓመት ሁለት ቀን ነው፣ ጥቅምት አምስትና መጋቢት አምስት። እና ያ ማይክሮፎን አንድ ነገር ከተናገረ አለቀ፣ ማን ይመልሰዋል? እየቀዳሽ ነው ሳሮንዬ? ስልኩን ወደ እኔ ጠጋ አድርጊው፣ የአያትሽ ማንኮራፋት እንዳይገባበት። ተኝቷል እንዳትይ ደግሞ። አልተኛም። አርባ ሦስት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፣ ይሄ ሰውዬ የማይመቸው ወሬ ሲነሳ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ዓይኑን ይከድናል። ይስማ። ስለ እሱም ነው የማወራው።

ታዲያ ስለ እምዬ ንገሪኝ አልሽ። እምዬ የአባቴ እናት ናት፣ ስሟ ተዋበች ነው፣ ሰፈሩ እማማ ተዋቡ ይላታል። እናቴ ስትሞት እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እና ያሳደገችኝ እምዬ ናት፣ እዚያው መካኒሳ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ወፍጮ ቤቱን ያዢልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

እምዬ ጠዋት ጠዋት ወደ ምሥራቅ ዞራ ቆማ ትጸልያለች፣ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ግን እየጸለየችም ቤቱን ታስተዳድራለች። «አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር — አስኩ! ያቺ ዶሮ ጎመኑ ውስጥ ገባች! — ስምህ ይቀደስ፣ መንግሥትህ ትምጣ — ድንጋይ አትወርውሪባት፣ እሽ በያት! — ፈቃድህ በሰማይ እንደሆነች…» እንዲህ ነው። አስኩ የምትለው እኔን ነው፣ እና ይሄን በየቀኑ እየሰማሁ አደግሁና ሰንበት ትምህርት ቤት የገባሁ ቀን መምህሩ «እስቲ አባታችን ሆይን በቃሏ የምትል?» ሲሉ እጄን አወጣሁ፣ ተነሳሁ፣ ዶሮዋንም ጎመኑንም ጨምሬ አልኩላቸው። ምን ላድርግ? ዶሮዋ የጸሎቱ መስላኝ!

ከቅዱሳን ጋር የምታወራው እንደ ጎረቤት ነው። ሥራውንም አከፋፍላቸዋለች። መንገደኛ ካለ ለገብርኤል፣ የታመመ ካለ ለእመቤታችን፣ ነገሩ ከባድ ሲሆን ለአቦ። «ለምን ለአቦ?» ስላት፣ «አቦ ከአንበሳና ከነብር ጋር የኖረ ነው፣ የእኛ ሰፈር ጉዳይ አያስፈራውም» ትለኛለች። ሲዘገይባት ደግሞ ትቆጣዋለች። የቤተክርስቲያኑን ግድግዳ ስማ፣ እንዲህ ጠጋ ብላ፣ በሹክሹክታ፣ «አቦዬ፣ ባለፈው የነገርኩህን ረሳኸው እንዴ? ወይስ ሰው በዛብህ?»

የጎረቤታችን ልጅ ሙና ጓደኛዬ ናት። የስልጤ ልጅ ናት፣ አባቷ መርካቶ ጨርቅ ይነግዳሉ። እምዬና ሙና ታዲያ አንድ የማያልቅ ክርክር ነበራቸው፣ ማነው ብርቱ ጿሚ የሚል።

«እናንተ ሲመሽ ሥጋችሁን ትበላላችሁ፣ ለእኔ ሲመሽም ሽሮ ነው» ትላለች እምዬ።

«እማማ ተዋቡ፣ እርስዎ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይበላሉ፣ እኛ ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው።»

«ያንቺ ሠላሳ ቀን ነው፣ የእኔ ሃምሳ አምስት!»

«የእኛ ውሃም የለው!»

«የእኔስ ማን ውሃ ሰጠኝ?»

እንዲህ ሲሉ ይውላሉ፣ በባዶ ሆዳቸው፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ።

እሺ፣ ወደ ጉዳዩ ልግባ። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ ያኔ ሃያ አራት ዓመት ማለት ቆማ ቀረች ማለት ነው። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ታደለ፣ ይሄ የተኛው፣ እዚያው ፋብሪካ የመብራትና የማሽን ጠጋኝ ነው። እና የእኔ ማሽን በሳምንት ሦስት ጊዜ ይበላሻል። የሌሎቹ ደህና ናቸው፣ የእኔ ብቻ። አለቃችን «ይሄን ማሽን ምን ነካው?» ይላል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ብሎኑን የማላላው እኔ ነበርኩ።

አትሳቂ! ምን ላድርግ፣ እሱ እንደሆነ ማሽን ካልተሰበረ አይመጣ!

ታዲያ ከሥራ ስንወጣ እስከ መካኒሳ ይሸኘኛል፣ በእግር፣ ሁለት ዓመት። ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ያወራል? ስለ ገመድ። ስለ ፊውዝ። በበዓል ቀን የአቦን ማይክሮፎን የሚተክለው እሱ ስለነበር ስለ ማይክሮፎን። አንድ ቀን መንገድ መሀል ቆመና «አስካለ» አለኝ። እኔ፣ በቃ አሁን ሊለኝ ነው አልኩ። «ድምፅ ማጉያ ለምን እንደሚያፏጭ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። «ድምፁን ከልክ በላይ ስትጨምሪው ነው» አለኝ። አለቀ! ደህና እደሪ ብሎኝ ሄደ።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቀለበት አይደለም፣ ድግስም አይደለም። ራሱ፣ በገዛ አፉ፣ ማንም ሳይገፋው፣ «እወድሻለሁ» እንዲለኝ። በቃ።

እምዬ ታዲያ ታያለች። በር ላይ ቆማ ሁለት ዓመት ታያለች።

«ያ ልጅ ዛሬስ ምን አለ?»

«ምንም።»

«ይሄን ሁሉ መንገድ አፉን ዘግቶ ነው የመጣው?»

«ስለ ፊውዝ ነገረኝ።»

«ፊውዝ ደግሞ ምንድነው?»

«መብራት ሲበዛበት የሚቃጠል ነገር ነው።»

«እንግዲያው እሱም ተቃጥሏል» አለች፣ «ሰው ይቀይረው እንጂ።»

እና አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ጠራችው። አበላችው፣ አጠጣችው፣ መረቀችው፣ ከዚያ እንደዋዛ፣ «ልጄ፣ የክርስትና ስምህ ማነው?»

«ገብረ ሚካኤል።»

«ለጸሎት ነው፣ ሌላ እንዳይመስልህ።»

ለጸሎት ሲባል የክርስትና ስሙን የሚደብቅ ሰው አለ? ሰጠ። እኔም እዚያው ቁጭ ብያለሁ፣ ምንም አልጠረጠርኩም፣ እንደውም ደስ አለኝ፣ ልትጸልይለት ነው ብዬ።

ቆይ፣ ያ ቆራሌው ይለፍ። «ቆራሌው!» እያለ ድምፄን አበላሸብኝ። እዚህ ሃይሌ ጋርመንት ለቆራሌ የኮንዶሚኒየም ፎቅ ምኑም አይደለም፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። እሱን ነበር ያኔ ለአቦ መቅጠር፣ ማይክሮፎንም አያስፈልግ!

አለፈ። እና መጋቢት እየቀረበ ሲመጣ እምዬ በሙና አባት በኩል ከመርካቶ ቀይ ከፋይ አስመጣች። ዣንጥላ ልታስገባ ነው፣ ለአቦ፣ የስለት። ዘርፉን የምትሰፋው ማን ናት? እኔ! ልብስ ሰፊ አይደለሁ? ከሥራ እየመጣሁ ማታ ማታ ወርቃማውን ዘርፍ እሰፋለሁ።

«እምዬ፣ አቦ ምን አድርጎልሽ ነው?»

«ገና ነው።»

«ገና ከሆነ ዣንጥላውን ምን አስቸኮለው?»

«ስፊ! ክሩን አጥብቂው፣ ማላላት ለምዶብሻል።»

እስከ ዛሬ ይሄን ቃል አስበዋለሁ። የብሎኑን ነገር ማን ነግሯት ነው?

እሷ መጻፍ ስለማትችል ለስለቱ የሚነበበውን ወረቀት ሙናን ጠርታ አጻፈቻት። «ለማንም እንዳትተነፍሺ፣ በቁርዓንሽ ማይልኝ» አለቻት። ሙና ማለች። ሙና ከማለች ምላሷን ብትቆርጫት አትናገርም። ግን አንድ ሳምንት ሙሉ እኔን ባየች ቁጥር ሻሿን አፏ ውስጥ ትጠቀጥቃለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

«ምን ያስቅሻል?»

«ጾም ይዣለሁ» ትለኛለች። በእኛ ሁዳዴ!

መጋቢት አምስት ደረሰ። መካኒሳ አቦ ያን ቀን መርፌ ብትጥዪ መሬት አትወድቅም። ነጠላ ብቻ ነው፣ ነጭ በነጭ። ድምፅ ማጉያው ጥዱ ላይ ታስሯል፣ ታደለ ከጥዱ ሥር ሳጥኑን ይዞ ቁጭ ብሏል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ። ታቦት ከብሮ ሲያበቃ መምሬ ወንድሙ ማይክሮፎኑን ያዙና የስለት ማንበብ ጀመሩ። አንዷ በሬዋ ስለተገኘላት፣ ሻማ። እልል! አንዱ ወገቡ ስለተሻለው፣ ምንጣፍ። እልል! እኔም እልል እላለሁ፣ ጉሮሮዬ እስኪነቃ።

«ወይዘሮ ተዋበች፣ አንድ ዣንጥላ!»

እልል!

«ለልጅ ልጃቸው ለወለተ ማርያም…»

ወለተ ማርያም እኔ ነኝ። ግን ምን ያስደነግጠኛል? መካኒሳ ላይ ወለተ ማርያም ብለሽ ብትጣሪ ግማሹ ሴት ዞር ይላል። እምዬም ይሄን ታውቃለች! አቦ ተሳስቶ ለሌላዋ ወለተ ማርያም እንዳይሰጥባት ፈርታለች! እና መምሬ ቀጠሉ፣ «…ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችው፣ ልብስ ስፌት የምትሠራው፣ ረዘም ያለችው፣ ጥርሷ ፍንጭት የሆነችው…» ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አፌን ገጠምኩ። «…ባል ስለሰጣቸው!»

እልልልልል!

ባል? የቱ ባል? የት ያለ ባል?

«ባሏም ገብረ ሚካኤል፣ ቁመቱ አጠር ያለው፣ ከሥራ የሚሸኛት፣ ማይክሮፎኑን የሚያስተካክልልን…» መምሬ ድንገት ቆሙ። ወረቀቱን አዩ። ወደ ጥዱ ዞሩ። ታደለን አዩ። እና ማይክሮፎኑን ከአፋቸው ሳያርቁ፣ «ልጄ፣ አንተ ነህ እንዴ?»

እምዬ ከሴቶቹ መሀል እጇን አውጥታ፣ «እሱ ነው! ይቀጥሉ!»

ይሄኔ ድምፅ ማጉያው ጮኸ። ሲይይይይይይ! ጆሮ የሚበሳ ጩኸት፣ ሕፃናት አለቀሱ፣ ርግቦቹ ከጣሪያው ብር አሉ። እኔ፣ በቃ፣ ደንግጦ ማሽኑን ሰበረው፣ ሊያመልጥ ነው አልኩ። መምሬ አንድ ጆሯቸውን ይዘው «ገብረ ሚካኤል!» ብለው ደገሙት፣ ጎፋ ድረስ ተሰማ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩና በሴቶች በር ሮጥኩ። ሙና አጥሩ ውጪ ለወሬ መጥታ ቆማለች፣ አጥሩን ተደግፋ፣ ከሳቅ ብዛት እንባዋ ይወርዳል። «ማልኩ እኮ አስኩ፣ ማልኩ!»

መምሬ ወንድሙ በኋላ ቤት ድረስ መጥተው እምዬን ተቆጧት። «እማማ ተዋቡ፣ ስለት እኮ ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ ነው የሚገባው!»

«አሮጊት ነኝ መምሬ። እስኪፈጸም ብጠብቅና ብሞትስ?»

«እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም።»

«እስቲ ይንገሩኝ» አለች እምዬ፣ «አንድ ሰው ዣንጥላ ተቀብሎ፣ ያውም በሕዝብ ፊት፣ ያውም ተመስግኖበት፣ ዝም ይላል? አቦ ይሉኝታ የለውም?»

መምሬ መስቀላቸውን አሳልመዋት ወጡ። ምን ይበሉ? አቦ ይሉኝታ የለውም ይበሉ?

ታዲያ በማግሥቱ ሥራ ገባሁ፣ ሴቶቹ ሁሉ እልል አሉልኝ። «በጾም ባል የታወጀላት!» ይሉኛል። እሺ፣ ይሁን። ከሥራ ስወጣ ደጅ ላይ ጠበቅሁት፣ ታደለ የለም። በማግሥቱም የለም። ሦስተኛው ቀን ብሎኔን አላላሁ። ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ሌላ ጠጋኝ፣ ሽማግሌ፣ ሚስትና ሰባት ልጅ ያለው! «ይሄማ እጅ ነው ያላላው» ብሎ አየኝ።

አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት። እሱን ግቢው ውስጥ ከሩቅ ካየሁት ዞሮ ይሄዳል። ያኔ ገባኝ። ሊለኝ የነበረውን ነገር እምዬ ቀድማ በማይክሮፎን ብላ ገደለችው። ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ሳይወጣ ቀረ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

«አልቅሺ» አለችኝ እምዬ፣ «ሁዳዴ ነው፣ እንባ ይጠቅማል።»

«አንቺ ነሽ ያባረርሽብኝ! አቦ አይደለም፣ አንቺ ነሽ!»

ከዚያ አኮረፍኳት። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው እምዬን ያኮረፍኳት፣ እዚህ ላይ ነው። አላናግራትም። እሷ ታዲያ ምን ታደርጋለች? ጠዋት ወደ ምሥራቅ ትቆማለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ — አኩርፋለች፣ ትናንትም ራት አልበላችም፣ እያየህ ነው? — በደላችንንም ይቅር በለን — እሷም ይቅር ትበል እንጂ፣ ለእኔ ብቻ ነው እንዴ የተጻፈው? — ከክፉ ሁሉ አድነን…» እኔ በብርድ ልብሱ ውስጥ ሳቄ ይመጣል፣ አፌን እነክሳለሁ፣ አልስቅም፣ እልህ ነው።

ፋሲካም አለፈ፣ ዳግም ትንሣኤም አለፈ። በሰኞው ከሥራ ገብቼ እግሬን ስታጠብ በሩ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ጋቢ ለብሰው፣ በር ላይ ቆመዋል። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ትላለች እምዬ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ። እኔ እንደ ደንቡ ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ፣ አንድ እግሬ ታጥቧል፣ አንዱ አልታጠበም።

«የታደለ ሽማግሌዎች ነን» አሉ።

እምዬ ታዲያ ኮራ ብላ፣ «ስድስት ሳምንት ሙሉ የት ነበራችሁ? ልጄ ሰውነቷ አለቀ።»

ትልቁ ሽማግሌ ግራ ገብቷቸው፣ «እንዴ እማማ! ልጁ የበዓሉ ዕለት ማታ ሊመጣ ሲል መንገድ ላይ ጠብቀው ‹ጾም እስኪፈታ ደጄን እንዳትረግጥ፣ እሷንም እንዳታናግራት፣ እንዳትሸኛት› ብለው ያስገዘቱት እርስዎ አይደሉ?»

መጋረጃውን ገለጥኩና ወጣሁ። ደንብ አልል፣ ሥርዓት አልል፣ በአንድ ጫማ። «አንቺ ነሽ?!»

እምዬ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ለሽማግሌዎቹ ነው የምትናገረው፣ «በጌታ ጾም የምን ሽኝት ነው? ሁለት ዓመት የተሸኘች ልጅ ስድስት ሳምንት ብቻዋን ብትሄድ መንገዱ አይጠፋትም።» ከዚያ ወደ እኔ፣ ዝቅ አድርጋ፣ «አንቺ ደግሞ ግቢ፣ ያንን እግርሽን ታጠቢ፣ ባል መጥቷል።»

እንዲህ ናት እምዬ።

ተጋባን፣ አባትሽ ተወለደ፣ አክስቶችሽ ተወለዱ። እምዬ እስከ መጨረሻው ከእኛ ጋር ነበረች። አንድ ዓመት፣ ጉልበቷ ከድቷት በምርኩዝ ስትሄድ፣ ለጥቅምት አቦ መጋረጃ አስገባች። የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ አሁንም አልነገረችኝም! ወረቀቱን የጻፈችው ሙና ናት፣ ያኔ የአራት ልጆች እናት ሆናለች፣ አሁንም ማለች! መምሬ ወንድሙ አርጅተው፣ መነጽር አድርገው፣ ወረቀቱን ዘረጉት። «ወይዘሮ ተዋበች፣ አንድ መጋረጃ፣ መንግሥተ ሰማያት… መንግሥተ ሰማያት ስላስገባቸው።» እልልታ ጠፋ። እምዬ ብቻዋን፣ ምርኩዟን ይዛ፣ እልልልል! ለራሷ!

መምሬ ከዓውደ ምሕረቱ ላይ፣ «እማማ ተዋቡ፣ ገና እኮ እዚህ ነዎት!»

«ይሉኝታ አለው!» አለቻቸው።

በጥር አረፈች። ሲቀብሯት መምሬ ጸሎቱን ጨርሰው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ መቃብሩ ላይ ቆመው፣ «እንግዲህ አቦ መጋረጃውን ተቀብሏል» አሉ። ለቀስተኛው እያለቀሰ ሳቀ። እኔም። እንዲህ ያለ ልቅሶ አይቼ አላውቅም።

— ታዲያ እቴቴ፣ አባባ ያገባሽ አቦን ፈርቶ ነው?

አቦን ፈርቶ፣ መምሬን ፈርቶ፣ እምዬን ፈርቶ፣ ሕዝቡን ፈርቶ! ያቺን እኔ የጠበቅኋትን አንዲት ቃል ታዲያ እስከ ዛሬ አላላትም። ቢጨንቀው ሽማግሌ ላከ። ደግ ባል ነው፣ አልክድም፣ አርባ ሦስት ዓመት ቤቴ ውስጥ መብራት ተቃጥሎ አያውቅም። ግን በማይክሮፎን የተዳርኩ ሴት ነኝ፣ በቃ፣ የእኔ ዕጣ…

— ገመዱ እጄ ላይ ነበር።

እይው! ተኝቷል ስትይ ነበር።

— የማይክሮፎኑ ገመድ እጄ ላይ ነበር እኮ፣ አስኩ። መምሬ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ሲሉ ነው የገባኝ። አንዴ ሳብ ባደርገው ድምፁ እዚያው ይጠፋ ነበር፣ ማንም የእኔን ስም አይሰማም ነበር።

ታዲያ ለምን አልሳብከውም?

— ጨመርኩት እንጂ።

ምኑን?

— ድምፁን። ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ለዚያ ነው የጮኸው። ለምን እንደሚያፏጭ ነግሬሽ አልነበር?

ቆይ። ቆይ፣ ቆይ። አርባ ሦስት ዓመት ማሽኑን ሰበረው እያልኩ… ሳሮን፣ አትሳቂ፣ አጥፊው ያንን ስልክ። አይ፣ አታጥፊው፣ አታጥፊው! ታዴ፣ ና ተነስ፣ ወደዚህ ጠጋ በል። ወደ ስልኩ። አዎ እዚህ ጋ። በል አሁን ድገመው፣ ጮክ ብለህ፣ እምዬም ትስማው።